«በነፃ»ና «በነፃነት»፤ ስለ እንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ተማሪዎች ባንድ ላይ ሆነን ስንጨዋወት ሳንሥቅበት የማናልፈው አንድ ወሬ አለን። ከመካከላችን አንዱ በመጀመሪያው ዓመት ለመምህሩ ባቀረበው ጽሑፍ «በርትቼ አጥንቻለሁ» ለማለት ፈልጎ «አይ ሃርድሊ ስተዲድ» ብሎ ጻፈ። መምህሩም በወረቀቱ ኅዳግ «ውጤትህም ይህንኑ ይመሰክራል» ብለው መለሱለት። ልጁ ምስጋና መስሎት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ሣቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ያሳስበናል። ያው ዓረፍተ ነገር በሥራ ማመልከቻ ላይ ቢጻፍ ስሕተቱን የሚነግረን አይኖርም፤ ማመልከቻው ብቻ ወድቆ ይቀራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ለሁለተኛ ደረጃና ለከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አደረገው። ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ግን ቤቱም ገበያውም ባማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ የምንሰማው ከክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንዲት ቃል ስንስት የምናጣው የእንግሊዝኛውን ማርክ ብቻ አይደለም። በታሪክ መጽሐፍ ላይ «ሕጉ እምብዛም አልተለወጠም» የተባለውን «ሕጉ በብርቱ ተለወጠ» ብለን ካነበብን፣ ታሪኩንም ስተናል ማለት ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ምንድን ነው? በትምህርት ቤት ሳለን «በቅጽል ላይ ሊ ጨምር፤ ተውሳከ ግስ ይሆንልሃል» ተብለናል። ይህ ደንብ ለ«ኩዊክ»ና ለ«ኩዊክሊ» ይሠራል። «ሃርድ» ግን ምንም ሳይጨመርበት ራሱ ተውሳከ ግስ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ብዙ ተውሳከ ግስ የሚሠራው በቅጽሉ መጨረሻ አንዲት አናባቢ በመጨመር ነበር፤ አናባቢዋ በዘመን ብዛት ስትረግፍ ቅጽሉና ተውሳከ ግሱ አንድ መልክ ይዘው ቀሩ። «ሃርድሊ» ደግሞ መጀመሪያ «በብርታት» ማለት ነበር፤ ኋላ «በጭንቅ» ወደ ማለት ዞረ፤ በመጨረሻም «እምብዛም» ሆነ። እኛን የሚያስተን ይህ ነው፤ አማርኛ «እምብዛም አላጠናሁም» ሲል አሉታውን በግሱ ላይ ያሳያል፤ እንግሊዝኛው ግን አሉታውን በ«ሃርድሊ» ውስጥ ደብቆታል።

ሌሎቹንም በአገራችን ነገር እንያቸው። አውቶቡሱ «ሌይት» መጣ ቢባል ዘግይቶ መጣ ማለት ነው፤ «ሌይትሊ» ግን ሰሞኑን ማለት ነው። የመንዝ በግ ከገደሉ «ኒየር» ወደቀ ቢባል ገደሉ አጠገብ ወድቋል፤ «ኒየርሊ» ወደቀ ቢባል ግን ሊወድቅ ምንም አልቀረውም ነበር እንጂ በጉ ደኅና ነው። ንስር በጓሳ ላይ «ሃይ» ይበርራል፤ ከፍ ብሎ ማለት ነው። ከበግ ፀጉር የተሠራው ባና ግን «ሃይሊ» ይወደዳል፤ እጅግ ማለት ነው። «ፍሪ»ና «ፍሪሊ»ስ? አማርኛችን አስቀድሞ ለይቷቸዋል፤ አንዱ «በነፃ»፣ ሁለተኛው «በነፃነት» ነው። በነፃ የሚበላና በነፃነት የሚናገር አንድ አለመሆናቸውን የማያውቅ ማን አለ?

አንዳንድ ጊዜም ወጥመዱ የራሳችን ቋንቋ ነው። «በጣም» ለ«ቬሪ»ም ለ«ቱ»ም ስለሚያገለግል፣ እጅግ ደስ ያለው ሰው «አይ አም ቱ ሀፒ» ይላል። «ቱ» ግን ከልክ ያለፈ ነገር ነው፤ ሻንጣው «ቱ» ከባድ ነው ካልን ልንሸከመው አንችልም ማለታችን ነው።

በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ መነገር የለበትም የሚሉ አሉ። ተማሪው እንግሊዝኛውን ደጋግሞ መስማት አለበት ማለታቸው እውነት ነው። ነገር ግን አማርኛ ከክፍል ቢባረርም ከጭንቅላታችን አይወጣም፤ ተሸሽጎ ያሳስተናል። በግልጥ ቢወጣ ግን ይረዳናል። «ዋና» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ነገር መሆኑን፣ «አለ»ም እንደዚሁ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ይህን የሚለይ ጆሮ «ሃርድ»ንና «ሃርድሊ»ን መለየት አያቅተውም፤ የሚያስፈልገው የቃላት ዝርዝር መሸምደድ ሳይሆን እያንዳንዱን ጥንድ ከአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጋር አገናዝቦ ማጥናት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን በሳምንት አንድ ምሽት አንጋፋዎቹ አዲስ ገቢዎችን በዚህ መንገድ የሚረዱበትን ጊዜ ያዘጋጅ። ሁለተኛ፣ ከገጠር የመጣ ወንድማችን ወይም እኅታችን በክፍል ውስጥ ተነሥተው ሲሳሳቱ ሣቃችንን እንዋጥ፤ አንድ ቀን የተሣቀበት ተማሪ ዓመቱን ሙሉ እጁን አያነሣምና። በዚያ ልጅ ወሬ የምንሥቀው እርሱ ራሱ እየሣቀ ስለ ነገረን ነው።

ከመካከላችን እንግሊዝኛን በነፃ ያገኘ የለም፤ በነፃነት እንድንናገረው ግን ልንረዳዳ እንችላለን።