ዘግይቶ የደረሰ ማዕረግ፤ የራግቢ ሊግ ተጫዋቹ ቢሊ ቦስተን እና የብሪታኒያ የኒሻን አሰጣጥ

የብሪታኒያው ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ጁን 10 ቀን 2025 በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ለአንድ የ90 ዓመት አዛውንት የሰር ማዕረግ ሰጥተዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተሸላሚው የቀድሞው የራግቢ ሊግ ተጫዋች ቢሊ ቦስተን ናቸው። ስፖርቱ ከተመሠረተ በኋላ ባለፉት 130 ዓመታት ከተጫዋቾቹ መካከል ይህን ማዕረግ ያገኘ ሌላ ሰው አልነበረም።

ማዕረጉ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለው አከራካሪ አይደለም። አነጋጋሪ የሆነው የዘገየበት ምክንያት ነው። ቦስተን ታላቅ ስም ያተረፉበትን የዊጋን ክለብ የለቀቁት በ1968 ነው። በ2016 ደግሞ የመርሳት ሕመም እንዳለባቸው ታውቋል። ንጉሡ ያበረከቱላቸው ክብር የደረሳቸው ክለባቸውን ከለቀቁ ከ57 ዓመታት በኋላ፣ በሕመማቸውም ሳቢያ በየዓመቱ የሚወጣው የተሸላሚዎች ዝርዝር ይፋ ከመሆኑ አስቀድሞ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመርም ስፖርቱ ይህን ያህል መጠበቁ ተገቢ እንዳልነበር አምነዋል።

የመዘግየቱን ምክንያት ለመረዳት የራግቢ ሊግን አመጣጥ ማየት ያስፈልጋል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በሰሜን እንግሊዝ ራግቢ የሚጫወቱት አብዛኞቹ ወጣቶች የከሰል ማዕድንና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ለጨዋታ ከሥራ የቀረ ሰው የዕለት ደመወዙን ያጣል። ክለቦቹ ይህ የቀረ ደመወዝ እንዲተካ ቢጠይቁም የጨዋታው የበላይ አካል አልፈቀደም። በመሆኑም የሰሜን ክለቦች ኦገስት 29 ቀን 1895 ሀደርስፊልድ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆቴል ተሰብስበው ራሳቸውን የቻሉ መሆናቸውን አወጁ። ኋላም የተጫዋቾቹን ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ በማድረግ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ዩኒየን ተብሎ የቀረው ወገን በበኩሉ በሊግ በገንዘብ የተጫወተን ሰው ዕድሜ ልኩን አገደ። እገዳው የተነሣው ዩኒየኑ ራሱ ክፍያን በፈቀደበት በ1995 ነው። በእነዚህ 100 ዓመታት ውስጥ ዩኒየን በእንግሊዝ የታወቁ ትምህርት ቤቶች፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የጦር መኮንኖች ጨዋታ ሆኖ ሲቆይ፣ ሊግ የሰሜን ሠራተኛ ሠፈር ጨዋታ ሆኖ ቀርቷል። ዌልስ ግን ከዚህ ትለያለች፤ እዚያ ዩኒየን የማዕድን ቆፋሪውም ጨዋታ ነበር።

ቢሊ ቦስተን በ1934 የተወለዱት በዚሁ በዌልስ፣ የካርዲፍ ወደብ ሠፈር በሆነው ታይገር ቤይ ነው። አባታቸው ከሴራሊዮን የመጡ መርከበኛ፣ እናታቸው የአየርላንድ ዝርያ ያላቸው የካርዲፍ ተወላጅ ነበሩ። ከሰል ለመጫን የሚመጡ መርከቦች የምዕራብ አፍሪካ፣ የሶማሊያና የየመን መርከበኞችን ስለሚያመጡ ሠፈሩ የብዙ ሕዝቦች መኖሪያ ነበር። የወጣቱ ተጫዋች ምኞት ለካርዲፍ ክለብና ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን በዩኒየን መሰለፍ ነበር። ይሁን እንጂ ተወልደው ያደጉበት ከተማ ክለብ አልጠራቸውም። ከታይገር ቤይ የወጡ ሌሎች ጥቁር ተጫዋቾችም ዕድላቸውን ፍለጋ ወደ ሰሜን መሄዳቸው ሲታይ፣ ምክንያቱ የችሎታ ማነስ ነው ማለት አይቻልም።

በማርች 1953 ቦስተን በብሔራዊ የውትድርና አገልግሎት ላይ ሳሉ የዊጋን ክለብ ኃላፊዎች ቤታቸው ድረስ መጡ። በተደጋጋሚ እንደሚተረከው፣ ኃላፊዎቹ 1 ሺህ ፓውንድ በጥሬው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። ልጃቸው እንዲሄድባቸው ያልፈለጉት እናት፣ እንግዶቹ ተስፋ ቆርጠው ይመለሳሉ በሚል ግምት 3 ሺህ ፓውንድ ጠየቁ። ኃላፊዎቹ ግን ተስማሙ። በዚያች ፊርማ የዌልስን የዩኒየን ማልያ የመልበስ ተስፋ አበቃ፤ ወጣቱ በወቅቱ ገና 18 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ለዊጋን ተጠባባቂ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ሲያደርጉ ከ8 ሺህ በላይ ተመልካች ተገኘ። ለዋናው ቡድን ስድስት ጊዜ ብቻ እንደተሰለፉ በ1954 ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ለሚጓዘው የታላቋ ብሪታኒያ ቡድን ተመረጡ፤ በዚህ ጉዞ የተካተቱ የመጀመሪያው ነጭ ያልሆኑ ተጫዋችም ሆኑ። በ18 ጨዋታዎች 36 ትራይ አስመዘገቡ። ትራይ የሚባለው ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት ነው።

በ1957 የደረሰባቸው ግን በውጤት መዝገብ የሚገኝ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ከተሳተፉ በኋላ ቡድኑ ወደ አገሩ ሲመለስ በደቡብ አፍሪካ የወዳጅነት ጨዋታዎችን አደረገ። የአፓርታይድ ሥርዓት ጥቁርና ነጭ በአንድ ቡድን እንዲሰለፉ ስለማይፈቅድ ቦስተን ከጓደኞቻቸው ተነጥለው በቀጥታ ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ቡድኑ የደቡብ አፍሪካውን ጉዞ አልሰረዘም።

ዊጋን ግን እንደ ልጁ ተቀበላቸው። በክንፍ ተጫዋችነት ለክለቡ በ488 ጨዋታዎች 478 ትራይ ሲያስመዘግቡ፣ በ1958፣ በ1959 እና በ1965 የቻሌንጅ ዋንጫን፣ በ1960 የሊጉን ሻምፒዮንነት አግኝተዋል። ጨዋታ ካቆሙ በኋላም በዚያችው ከተማ መጠጥ ቤት ከፍተው ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። መንግሥት በ1996 ኤም.ቢ.ኢ. የተባለውን ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ኒሻን ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ፋይላቸው 29 ዓመት ሙሉ ወደ ላይ አላለፈም።

የብሪታኒያ የኒሻን አሰጣጥ የተመሠረተው በጥቆማ ነው። ማንኛውም ዜጋ ጥቆማ ለካቢኔ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል፤ የስፖርቱን ዘርፍ የሚመለከት ኮሚቴ ይመረምራል፤ ዝርዝሩም በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ለንጉሡ ይቀርባል። በወረቀት ላይ ሲታይ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው። ሆኖም በዚሁ አሠራር የእግር ኳሱ ስታንሊ ማቲውስ በ1965 ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ የካርዲፉ የዩኒየን ተጫዋች ጋሬዝ ኤድዋርድስ ደግሞ በ2015 ሰር ተብለዋል። በጥቆማ የሚሠራ ሥርዓት በውሳኔ ሰጪዎች ዘንድ የሚታወቀውን ሰው ያስቀድማል፤ ለንደን እምብዛም የማያየው የሰሜን ጨዋታ ግን ጠንካራ ጠቋሚ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ማንም ቦስተንን በይፋ አልከለከላቸውም፤ ስማቸውን በወቅቱ ያነሣ አለመኖሩ ብቻ በቂ ሆኗል።

ካርዲፍም በበኩሏ ዘግይታ ክሳለች። ወደ ሊግ የሄዱ ልጆቿን ለመዘከር በ2023 በወደቡ አካባቢ ባቆመችው ሐውልት ላይ ቦስተን ከገስ ሪስማንና ከክላይቭ ሱሊቫን ጋር ቆመዋል። ሱሊቫን በ1972 የታላቋ ብሪታኒያን ቡድን በአምበልነት መርተው የዓለም ዋንጫ ያስገኙ፣ በማንኛውም ስፖርት የብሪታኒያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር አምበል ናቸው። በ1985 በ42 ዓመታቸው በካንሰር አርፈዋል። የብሪታኒያ አሠራር ለሞተ ሰው የሰር ማዕረግ አይሰጥም፤ በኸል ከተማ ግን ወደ መሀል ከተማ የሚያስገባ አንድ አውራ ጎዳና በስማቸው ይጠራል።