የልጅ መጠየቂያ ውሳኔ ዝርዝር ይኑረው

ግልጽ ደብዳቤ
ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት
አዲስ አበባ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

በአዲስ አበባ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ወላጆቻቸው ስለተፋቱ ተማሪዎቼ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤት በር ላይ የሚያጋጥመንን ልንገርዎ። አባት ማኅተም ያረፈበት ውሳኔ ይዞ ልጁን ሊወስድ ይመጣል። እናት ደግሞ አስቀድማ ደውላ «ከእኔ በቀር ለማንም እንዳትሰጡ» ብላለች። ወረቀቱን ስናነበው አባት ልጁን በሳምንት አንድ ቀን እንዲጠይቅ ተፈቅዷል ይላል። በየትኛው ቀን፣ ከየት ተረክቦ፣ በስንት ሰዓት የት እንደሚመልስ ግን አይገልጽም። ጥበቃው ርዕሰ መምህሩን ይጠራል፤ ርዕሰ መምህሩ ለእናት ይደውላል። የሁለተኛ ክፍሉ ልጅ ቦርሳውን እንዳዘለ ክርክሩን ሁሉ ይሰማል።

ችግሩ ከሕጉ አይደለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113፣ ፍቺ የሚወስን ፍርድ ቤት ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ የትምህርታቸውን፣ የጤናቸውንና የቀለባቸውን ጉዳይ፣ ወላጅና ልጅ የሚጠያየቁበትንም ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ሁኔታዎች ሲለወጡ ውሳኔው እንደገና እንዲታይም ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች የልጅን ጥቅም እንዲያስቀድሙ ደንግጓል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ደግሞ በአንቀጽ 9፣ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ከወላጁ የተለየ ልጅ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር ዘወትር የመገናኘት መብት እንዳለው ያረጋግጣል። መብቱ የልጁ ነው፤ የተጣሉ ወላጆች መቀጣጫ ሊያደርጉት አይገባም።

የፍርድ ቤትዎ ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም.፣ የሥር ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ ሽሮ አንድ ልጅ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ የወሰነው ከአባትየው ጥያቄ የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ነው።

ይህ መርህ እስከ ትምህርት ቤታችን በር ድረስ አልዘለቀም። ቀለብ ያልከፈለው ወላጅ «ልጁን አታይም» ይባላል፤ ልጁን ያላየው ደግሞ «ቀለብ አልከፍልም» ይላል። የተከለከለው የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍታል፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደራረባል። የሦስት ዓመት ልጅ በዚህ መሀል የአባቱን መልክ ሊረሳ ይችላል።

ስለዚህ አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የቤተሰብ ችሎቶች ውሳኔ የርክክቡን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ የበዓላትንና የክረምት ዕረፍትን ክፍፍል፣ በስልክ የመገናኘትንም ሁኔታ በግልጽ ያስቀምጥ፤ ግልባጩም ለትምህርት ቤቱ ይድረስ።

ሁለተኛ፣ ልጁን እንዳያይ የተከለከለ ወላጅ አቤቱታ በአጭር ቀጠሮ ይታይ። የቀለብ ዕዳ በራሱ መንገድ ይጠየቅ እንጂ ልጁ መያዣ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ሐሳቡን ሊገልጽ የሚችል ልጅ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ባለበት፣ ወላጆቹ በሌሉበት ይደመጥ። «እናትህን ነው አባትህን የምትመርጠው?» ተብሎ ግን አይጠየቅ።

አራተኛ፣ ድብደባ ወይም ጥቃት በነበረበት ቤት ግንኙነቱ ባለሙያ ባለበት ብቻ ይሁን፤ የልጁ ደኅንነት ካልተረጋገጠም ይታገድ።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ዳኞች ያላቸውን ሥልጣን በዝርዝር እንዲጠቀሙበት የሚያግዝ አንድ የአሠራር መመሪያ ይበቃል። እባክዎ የሚመጣው የትምህርት ዘመን ከመጀመሩ በፊት ያውጡልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ መምህር