መጨረሻውን ብትነግሩኝ አልቀየምም

ዘንድሮ በሰው መሐል ስለ ፊልም ማውራት ጣጣ ሆኗል። ገና «ያ ልጅ እኮ በኋላ...» ከማለታችሁ አንዱ ጆሮውን ይደፍናል፤ ሌላዋ «ወየው! እንዳትጨርሰው!» ብላ ከወንበሯ ትነሳለች። ድሮ ወንድም ከወንድሙ የሚቀያየመው በርስት ነበር፤ አሁን በተከታታይ ድራማ መጨረሻም ሆኗል።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከዘመኑ ጋር አልተስማማሁም። የፊልም መጨረሻ ቢነገረኝ ፊልሙ አይበላሽብኝም። እንዲያውም መጨረሻው ስለተነገረ ብቻ የሚበላሽ ፊልም፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ድሮም ብዙ የሚታይ ነገር አልነበረውም ባይ ነኝ። ጥቂቶቹን ኋላ አነሳቸዋለሁ።

ይህን አቋም ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት ላልደረሰበት ትውልድ ልግለጸው፦ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ጠባብ ክፍል፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ አሮጌ ዴክ፤ ደጃፉ ላይ ደግሞ የቀኑ ፊልሞች ስም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ። አጻጻፉ የባለቤቱ ጆሮ እንደሰማው ነው። ሳንቲም ያገኘ ልጅ ይገባል። ያላገኘው ውጭ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ በድምፅ ብቻ ይከታተላል፤ ማን እንደተመታ ከጩኸቱ ይገምታል። ፊልሙ ሲያልቅ ግን የሁላችንም ተራ ይደርሳል፤ የገባው ልጅ ይተርክልናል።

ያየ ሁሉ ተራኪ አልነበረም። «ተጣሉ፣ አሸነፈው፣ አለቀ» የሚል ልጅ ሁለተኛ አይጠየቅም። ጎበዙ ከመግቢያው ሙዚቃ ይጀምራል። የበሩን መንሲጥሲጥ፣ የሞተሩን መነሳት፣ የቡጢውን «ዲሽ! ዱሽ!» በአፉ እየሠራ፣ ወንበዴው ሲወድቅ እሱም አብሮ እየወደቀ፣ ሱሪው አቧራ እስኪለብስ ያሳየናል። ከቻይንኛውም፣ ከሕንድኛውም፣ ከእንግሊዝኛውም አንድ ዓረፍተ ነገር አይችልም፤ ግን ሰዎቹ ምን እንደተባባሉ ጥርት ባለ አማርኛ ይነግረናል። ቆይተን እኛም ሳንቲም አግኝተን ስንገባ ታሪኩን ከነመጨረሻው አብጠርጥረን እናውቀዋለን። ታዲያ ማንም «ተበላሸብኝ» ብሎ ሲወጣ አላየሁም። ቅሬታችን ሌላ ነበር፤ ልጁ ስድስት ያደረጋቸው ወንበዴዎች ፊልሙ ላይ ሁለት ብቻ ይሆኑብናል።

ይህ የእኛ ሰፈር ፈጠራ ብቻ አይደለም። ፊልም ድምፅ አልባ በነበረበት ዘመን በጃፓን አዳራሾች «ቤንሺ» የሚባሉ ተራኪዎች ከሸራው ጎን ቆመው የወንዱንም የሴቷንም፣ የሽማግሌውንም የሕፃኑንም ድምፅ እያወጡ ታሪኩን ያሰሙ ነበር። ተመልካቹ ከተዋናዩ ይልቅ ቤንሺውን መርጦ የሚገባበት ጊዜ ነበር። የታላቁ ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ታላቅ ወንድም ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ሙያው ከነባለሙያዎቹ ተነቀለ። በኡጋንዳ ደግሞ «ቪጄ» የሚባሉት ዛሬም የውጭውን ፊልም እየታየ በሉጋንዳ ይተርኩታል፣ ይቀልዱበታል፣ ተመልካቹን «ጠብቅ፣ አሁን ሊመጣ ነው!» እያሉ ያነሳሱታል።

ወደ ቪዲዮ ቤታችን ልመለስ። እዚያ አንድ የማይሻር ሕግ ነበር፦ «አክተር አይሞትም»። አዲስ የገባ ልጅ «ሊገድሉት ነው!» ብሎ ከደነገጠ ከኋላ ሦስት አራት ድምፅ ይህን ሕግ ያስታውሰዋል። እንግዲህ አስቡት። ፊልሙን ያላየውም ሰው መጨረሻውን ያውቃል ማለት ነው፤ አክተሩ ያሸንፋል። ታዲያ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ ፉጨት፣ «ከኋላህ ነው! ዙር!» እያሉ ለቴሌቪዥን ማስጠንቀቅ ለምን ነበር? መዳኑን እናውቃለን፤ በየት በኩል እንደሚድን ነበር ልባችንን የሚያንጠለጥለው።

የፍርሃት ፊልም ጌታ አልፍሬድ ሂችኮክ ይህንኑ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ አስረድቶት ነበር። ቃለ ምልልሳቸው እ.ኤ.አ. በ1966 በመጽሐፍ ወጥቷል። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቦምቡ ቢፈነዳ የሚደነግጠው ለ15 ሴኮንድ ነው። ቦምቡ ሲቀመጥ አይቶ፣ ሰዓቱም ስንት እንደቀረው አውቆ ከሆነ ግን ያው ተራ ወሬ ለ15 ደቂቃ ያስጨንቀዋል፤ «ተነሱ እንጂ ሰዎች!» ሊል ይቃጣዋል። ሂችኮክ ምርጫው ሁለተኛው ነበር። የእኛም «ከኋላህ ነው!» ከዚያው ወገን ነው። ከኋላው ምን እንዳለ ያላወቀ ሰው አይጮህም።

የሕንድ ፊልም ደግሞ ይህን ትምህርት ወደ ዕንባ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ሾሌ»ን ያየ ሰው ያስታውሳል። ሁለቱ ጓደኛሞች ጃይና ቪሩ ችግር በገጠማቸው ቁጥር ጃይ፣ ማለትም አሚታብ ባቻን፣ ሳንቲም ወደ ላይ ይወረውርና ዕጣው የወጣውን ያደርጋሉ። መጀመሪያ ስናየው ጨዋታ ነው፤ እንስቃለን። በመጨረሻ ወንበዴዎቹ ሲከቧቸው ሳንቲሙ እንደገና ይወረወራል። በዕጣው መሠረት ቪሩ ጥይት ሊያመጣ ይሄዳል፣ ጃይ ይቀራል፣ ይሞታልም። ሕጋችን እዚያ ላይ ፈረሰ። ጃይ ከሞተ በኋላ ጓደኛው ያንን ሳንቲም አንስቶ ሲያገላብጠው ሁለቱም ገጽ አንድ ነው። ለካ ዕጣ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰውየው ሁልጊዜም ራሱ እየመረጠ ነበር።

አሁን ይህን ያወቀ ሰው ፊልሙን ሁለተኛ ይየው። የመጀመሪያዋ ሳንቲም፣ ያ የሳቅንባት፣ ገና ወደ ላይ ስትወረወር ሆዱ ይባባል። ሌላው ተመልካች የሁለት ዋልጌዎችን ቀልድ ሲያይ እሱ ለጓደኛው ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ያያል። ያው ፊልም፣ ያው ሳንቲም ነው። ከሁለቱ ተመልካቾች ብዙ ያየው ማነው? እኔ መጨረሻውን የሚያውቀው ነው እላለሁ። በቪዲዮ ቤታችንም ደጋግመው ያዩት ልጆች ነበሩ ጥይቱ ሳይተኮስ ማልቀስ የሚጀምሩት።

«ታይታኒክ»ም እንዲሁ ነው። መርከቡ እ.ኤ.አ. በ1912 እንደሰጠመ ሳያውቅ ሲኒማ የገባ ሰው የለም። ጄምስ ካሜሮን ይህን አልደበቀም፤ ታሪኩን የጀመረው ከባሕሩ ወለል፣ ከስብርባሪው ነው። እሱም አልበቃው ብሎ መርከቡ እንዴት ተሰንጥቆ እንዴት እንደሰጠመ በኮምፒዩተር ሥዕል ለአሮጊቷ ሮዝና ለእኛ ደረጃ በደረጃ አሳየን። ያም ሆኖ በጠቅላላው ከሦስት ሰዓት በላይ አስቀመጠን፤ 11 ኦስካርም ወሰደ። ያ ሥዕል ባይኖር ኖሮ ኋላ መርከቡ ቀጥ ብሎ ሲቆም የምናየው ትርምስ ብቻ ይሆን ነበር። ቀድሞ ስለተነገረን ግን እያንዳንዱ ሰው የትኛው ፎቅ ላይ፣ በየትኛው ደቂቃ እንዳለ እያሰላን ነው የተጨነቅነው።

የራሳችንን ብንወስድ፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጡን ወደ ራሳቸው እንዳዞሩ የማያውቅ ተማሪ የለም። የመቅደላ ቴአትር ሲታይ ግን ሰው ሽጉጡ ከወጣበት ጀምሮ ትንፋሹን ይይዛል። በስቅለትና በፋሲካ ሰሞን የጌታ ሕማማት ፊልም በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ደግሞ እናቶቻችን ዓመት ዓመት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ያነሳሉ። ትንሣኤው በሦስተኛው ቀን እንደሆነ ጠፍቷቸው ነው? ቡና የተፈላበት ቤት የገባ እንግዳም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እንደሚያበቃ ያውቃል፤ «መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ» ያለ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ የተቀዱ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ይኸው ታየ። ከድራማዎቹ ብዙዎቹ በአገራቸው ታይተው ያለቁ ነበሩ። ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ማን እንደሚሞት ስልክ ያለው ልጅ ሁሉ ከኢንተርኔት ፈልጎ ለቤተሰቡ መናገር ይችል ነበር፤ ተናግሯልም። ምሽት ሲደርስ ግን ቤተሰቡ ከነተናጋሪው ቴሌቪዥኑ ፊት ነው።

ነገሩን በጥናት የፈተሹም አሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ሥራ ሰዎችን አጫጭር ልቦለዶች አስነብበው፣ ለአንዳንዶቹ መጨረሻውን አስቀድመው ነገሯቸው። የተነገራቸው በአማካይ ታሪኩን የበለጠ ወደዱት፤ ምስጢር ያዘሉትን ታሪኮች ጭምር። ኋላ የመጡ ጥናቶች ሁሉ ከዚህ ጋር አልተስማሙም፤ ስለዚህ ለክርክሬ ምሰሶ አላደርገውም።

ለእኔ የሚበልጠው ማስረጃ የዳይሬክተሩ የኃይሌ ገሪማ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ሲጀምር ነገሩ ሁሉ አልፏል። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ከጀርመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ ተመልሷል፤ አንድ እግሩ የለም፤ ትዝታው ተምታቶበታል። የአንድ ትውልድ ተስፋ የት እንደደረሰ በዚያ ሰው አካል ላይ አየን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ ጀርመን አገር ስለ አብዮት ሲከራከሩ፣ ሲዘፍኑና ሲሳሳቁ ስናይ ሳቃቸው ያማል። ታሪኩ በቅደም ተከተል ቢነገረን ኖሮ ያ ክርክር አንድ የፖለቲካ ስብሰባ ብቻ ሆኖ ባለፈ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚሰነዘር ክርክር አለ። «መጨረሻን ማወቅ ካልጎዳ፣ ያ ሁሉ የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ ለምን ይሰለቸናል? መጨረሻው ሠርግ እንደሆነ ከፖስተሩ ይታወቃል» ይሉኛል። እውነት ነው፤ እኔንም ይሰለቸኛል። የሚሰለቸኝ ግን በሠርጉ አይደለም። ሀብታሟ ልጅና ድሀው ልጅ እንደሚጋቡ ባውቅም ቅር አይለኝም፤ ቅር የሚለኝ እስኪጋቡ ድረስ የሚሠሩት ነገር ስለሌለ ነው። ካፌ ተቀምጠው ያወራሉ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ጓደኛቸው መጥቶ ተቀምጦ ያወራል። መንገዱ ባዶ ሲሆን ዓይናችን ተስፋ የሚያደርገው መድረሻውን ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ከታወቀ ምን ቀረን?

በሌላ ጫፍ ደግሞ የሚያበሳጨኝ አለ። አሁን በዩቲዩብና በቲክቶክ የሁለት ሰዓት ፊልም በአሥር ደቂቃ በአማርኛ የሚተርኩ ብዙ ናቸው። አድማጫቸውም ብዙ ነው። የቪዲዮ ቤቱ ልጅ ወራሾች መስለው መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን አይደሉም። ያ ልጅ ከበሩ መንሲጥሲጥ ጀምሮ መንገዱን ነበር የሚያስኬደን፤ እነዚህ መንገዱን ቆርጠው መድረሻውን ብቻ ያስረክባሉ። የሰማውም ሰው «ያንን ፊልም አይቼዋለሁ» ይላል። አላየኸውም ወዳጄ። ሰውየው ደብዳቤውን ከማንበቡ በፊት ለምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳለ የት አገኘኸው? መጨረሻ እንዳይነገረው የሚጮኸውና መጨረሻውን ብቻ ሰምቶ የሚሄደው ለእኔ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ፊልም ማለት መጨረሻው ነው ብለው አምነዋል።

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣው፣ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፦ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ትኬት ለመሸጥ ጥያቄ ጥሩ እንደሆነ እኔም አልክድም።

አሁን ወደ ጥቂቶቹ። መጨረሻቸው መነገር የሌለበት ፊልሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» አንዱ ነው። ሁለት ጊዜ እንዲታይ የተሠራ ፊልም ነውና የመጀመሪያውን ጊዜ ከሰው መንጠቅ ነውር ይመስለኛል። ሌላው የራሱ የሂችኮክ «ሳይኮ» ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ፊልም ያለማቋረጥ እየደጋገሙ ያሳዩ ስለነበር ሰው በፈለገበት ሰዓት መሐል ላይ ገብቶ፣ መጨረሻውን አይቶ፣ ከዚያ መጀመሪያውን አይቶ፣ የገባበት ቦታ ሲደርስ ተነስቶ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ» ሲወጣ ሂችኮክ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም እንዳይገባ አዘዘ። ያ የቦምቡን ነገር ያስተማረን ሰውዬ ማለት ነው! ለዚህኛው ፊልም ግን ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም ከ«አክተር አይሞትም» ሕግ ጋር ይገናኛል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ያላያችሁ እዩት። የ«ሾሌ»ን ለምን ተናገርክ የሚለኝ ካለ ደግሞ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ምን እየሠራ ነበር?