ካሽ ማጽዳት ጥገና አይደለም

ሰርቨር የዘገየበት መሥሪያ ቤት፣ በመቱም ይሁን በጎሬ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት አዛዥ አያጣም። ሊኑክሱ ላይ «ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ይጽፋል። ከ16 ጊጋባይት ራም ባዶ የቀረው ግማሽ ጊጋባይት እንኳ አለመሆኑን ያያል። ብይኑ ወዲያው ይወጣል፦ «ራሙ ሞልቷል፤ ካሹን እናጽዳ!» ሲብስም «ማሽኑ አርጅቷል፤ አዲስ ይገዛ!»

ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የመጀመሪያው ማሽኑን ያዘገያል፤ ሁለተኛው የሕዝብ ገንዘብ ያባክናል።

ነገሩን ለኢሉባቦር ነጋዴ ንገሩት፤ ቶሎ ይገባዋል። የመቱ ባለሱቅ ስኳር በተጠየቀ ቁጥር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ አይሄድም። ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን መደርደሪያ ላይ፣ ቀሪውን መጋዘን ውስጥ ያኖራል። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ካሽ መረጃ ለማምጣት 1 ናኖሰከንድ ገደማ፣ ከራም 100 ናኖሰከንድ ገደማ፣ ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ናኖሰከንዱን እንደ አንድ ሰከንድ ብንቆጥረው፣ ራም ሁለት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሃርድ ዲስክ የ115 ቀን መንገድ ነው።

ዩኒክስ ይህን ከጥንት ያውቃል። ከዲስክ አንዴ የተነበበን ፋይል ሥራ በፈታ ራም ላይ ይዞ ያቆየዋል፤ ሊኑክስም ይህንኑ ያደርጋል። ፕሮግራም ቦታ ሲፈልግ ከርነሉ ከካሹ ቀንሶ ይሰጠዋል። ስለዚህ መነበብ ያለበት «ፍሪ» የሚለው ዓምድ ሳይሆን መጨረሻ ላይ ያለው «አቬይለብል» ነው። ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2014 ከርነሉ ውስጥ የገባው ነገሩ ለግምት እንዳይተው ነው። ካሹን ያጸዳ ሰው ግን መደርደሪያውን ባዶ አድርጎ ባለሱቁን መልሶ አዲስ አበባ ላከው ማለት ነው። ወረፋ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ዋጋውን ይከፍላል።

«መብራት ቢጠፋስ?» የሚሉ አሉ። ሥጋቱ እውነት ነው፤ አዲስ የተጻፈ መረጃ ዲስክ ላይ ሳይወርድ 30 ሰከንድ ገደማ ራም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን የማጽጃው ትእዛዝ እሱን አይነካውም፤ የሚጥለው ለንባብ የተያዘውን ነው። ለመብራት መጥፋት መፍትሔው ዩፒኤስና ማሽኑን በሥርዓቱ ማጥፋት ነው።

ራም በእርግጥ የሚያጥርበት ጊዜ አለ። ያኔ «አቬይለብል» ይመነምናል፤ «ቪኤምስታት» የሚባለው ትእዛዝም ማሽኑ ከራም ወደ ስዋፕ፣ ከስዋፕ ወደ ራም ያለማቋረጥ ሲመላለስ ያሳያል። እንዲህ ከሆነ ራም ይጨመር፤ የሚሽከረከረው ዲስክም በኤስኤስዲ ይተካ። ይህ ሙሉ ማሽን ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

የግዥ ጥያቄ የሚፈርም ኃላፊ እነዚህን ቁጥሮች ሳያይ አይፈርም። «ዘገየ» የሚል ቃል ብቻውን ሰነድ አይሆንም።