በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ደካማ ነው?

«ብሎክ ልገዛ ነው» ስላት እማዬ ቀና ብላ አየችኝና «ምን ልትገነቢ ነው ደግሞ?» አለችኝ። አልፈርድባትም። በእኛ ሰፈር ብሎክ ሲባል ወይ የኮንዶሚኒየም ሕንጻ ቁጥር ነው፣ ወይ በሲሚንቶ የሚሠራው ብሎኬት ነው። እኔ ያልኩት ግን የዮጋ ብሎክ ነው፤ ከፎም የተሠራች፣ የጡብ ቅርጽ ያላት፣ ዮጋ ስንሠራ እጃችን ወይም መቀመጫችን ሥር የምናስገባት ቀላል ነገር።

ዛሬ የምሟገተው ስለዚችው ፎም ነው። «ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ሰዓት ስለ ፎም?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ታገሱኝ። ይህን የምትጽፍላችሁ በዚች ፎም እጦት (እውነቱን ለመናገር በራሷ ጉራ) አራት ወር ሙሉ ታክሲ ውስጥ በአንድ ጎኗ ተቀምጣ የከረመች ሴት ናት።

«ለጀማሪዎችና ለአሮጊቶች»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮጋ የጀመርኩት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ቦታ ነው። ክፍሉ ጥግ ላይ አቧራ የጠጡ ብሎኮች ተደርድረዋል። በመጀመሪያው ሳምንት እጄ መሬት አልደርስ ቢለኝ አንዷን ላነሳ ሄድኩ። አሰልጣኙ ከወዲያ ማዶ «እሱ ለጀማሪዎችና ለአሮጊቶች ነው! አንቺ ምን ጎደለሽ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ገና አንድ ሳምንቴ እንደነበር ልብ በሉልኝ! ከእኔ በላይ ጀማሪ ከየት ሊመጣ ነው?

ከዚያ ወዲህ ብሎክ አልነካሁም። ክፍያው ሲከብደኝና ቤት ውስጥ በቪዲዮ መሥራት ስጀምርም አልነካሁም። ቪዲዮው ላይ ያሉት ሴቶች ጎንበስ ሲሉ መዳፋቸው መሬት ላይ ልጥፍ ይላል። እኔ ደግሞ ጀርባዬን አጉብጬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ እየተወዛወዝኩ በጣቴ ጫፍ ምንጣፉን እነካለሁ። «ነካሁ!» ብዬም ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ከመቀመጫዬ ሥር አንድ ነገር ቋ አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ የተጎዳው ከጭን ጀርባ ያለው ጡንቻ ከመቀመጫ አጥንት ጋር የሚያያዝበት ጅማት ነው። ጅማት እንደ ጡንቻ ብዙ ደም ስለማያገኝ ቶሎ አይድንም። ትዕዛዟም አጭር ነበር፦ «መለጠጥ የለም!»

አራት ወር… ለአንድ ሳቅ።

ማን ነው ያለው?

ጋዜጠኝነት ስንማር፣ አንድ ወሬ በሁሉም ሰው አፍ ሲዞር «ማን አለው? ከየት አመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ ተብለናል። ዲግሪው ሥራ ባያስገኝ እንኳ ይቺ ጥያቄ ጠቅማኛለች። በጎኔ በተኛሁበት «ብሎክ ለጀማሪ ነው» ለሚለው ወሬ ምንጭ ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት ተቃራኒውን ነው።

ብሎክን፣ ቀበቶን፣ ወንበርንና ብርድ ልብስን የዮጋ መሣሪያ አድርጎ በዓለም ያስተዋወቀው ሰው ሕንዳዊው ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ዛሬ ካርናታካ በሚባለው ግዛት ተወለደ። ልጅነቱን በወባ፣ በታይፎይድና በሳንባ ነቀርሳ ሲማቅቅ አሳለፈ። እ.ኤ.አ. በ1966 «ላይት ኦን ዮጋ» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ፤ 200 ያህል አቋቋሞችን በራሱ ሰውነት እየሠራ ፎቶ የተነሳበት መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ፑኔ ከተማ ውስጥ በሟች ባለቤቱ በራማማኒ ስም የዮጋ ተቋም ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2014 በ95 ዓመቱ ነው ያረፈው፤ በስተርጅናውም በእነዚሁ መደገፊያዎች እየታገዘ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ይሄ ሰው «ጀማሪ» ከሆነ እኔም ጀማሪ ሆኜ ልሙት!

ለመሆኑ ነገሩን ከሕንድ ድረስ ማምጣት ለምን አስፈለገኝ? እዚሁ አጠገባችን አለላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆሙት ካህናት መቋሚያ ይይዛሉ። «መቋሚያ የያዘው ደካማ ስለሆነ ነው» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መቋሚያው ባይኖር እስከ ንጋት መቆሙ ይከብዳል፤ በቃ። እማዬም ቡና ስታፈላ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች እንጂ ወለል ላይ ተጣጥፋ ጀግንነቷን አታሳይም። አያቶቻችን የገባቸው ነገር ለእኛ የዘመኑ ልጆች፣ ያውም በየወሩ ለምንከፍለው፣ እንዴት ተሰወረን?

ክንድ ማጠር ጥፋት ነው እንዴ?

አሁን ወደ ሰውነታችን እንምጣ። ቆመን ስንጎነበስ መዞር ያለበት ዳሌ ነው። ከጭን ጀርባ ያለው ጡንቻ ካጠረ (ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምንውል ሰዎች የሚያጥረው እሱ ነው) ዳሌውን ወደ ኋላ ጨምድዶ ይይዘዋል። እኛ ግን መሬት ካልነካን ሞተን እንገኛለን ስለምንል የቀረውን ርቀት ከወገባችን እናመጣለን። ወገብ ይጎብጣል፣ ጅማት ይሳባል። እጃችን መሬት ነካ ማለት ዳሌያችን ተከፈተ ማለት አይደለም። ወገባችንን አበደርነው እንጂ።

ደግሞም እጅ መሬት መድረሱ የልምምድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የክንድ ርዝመት አለ፣ የእግር ርዝመት አለ፣ የዳሌ አጥንት አሠራር አለ። ክንዷ አጭር፣ እግሯ ረጅም የሆነች ሴት ሃያ ዓመት ብትሠራ አጥንቷ አይለጠጥላትም። ብሎክ የሚያደርገው ወለሉን ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ይሄ ማጭበርበር ከሆነ መሰላል የሚወጣ ቀለም ቀቢም አጭበርባሪ ነው።

«ዋጋ በኢንቦክስ»

ዳንኩና ብሎክ ለመግዛት ተነሳሁ። እዚህ ጋ ደግሞ ሁለተኛውን ባላጋራዬን አገኘሁት፦ ሻጩን! ቴሌግራም ላይ ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ብሎኮች ተደርድረዋል። መጠን አልተጻፈም። ክብደት አልተጻፈም። ከምን እንደተሠራ አልተጻፈም። የተጻፈው «ኦርጅናል» እና «ዋጋ በኢንቦክስ» ብቻ ነው። በኢንቦክስ ጠየቅኩ። «የትኛውን ቀለም ፈለግሽ?» ተባልኩ። ኧረ እኔስ ጥንካሬውን ነው የፈለግኩት! የመጣልኝ ብሎክ የፍራሽ ስፖንጅ ነው ብል አላጋነንኩም፤ መዳፌን ባሳርፍበት ግማሽ ድረስ ሰመጠ። እንዲህ ያለው ከሌለ ይሻላል፤ የለም ብላችሁ ስትጠነቀቁ ትተርፋላችሁ፣ አለ ብላችሁ ስትደገፉት ነው የምትወድቁት።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

አንደኛ፣ ጥንካሬ። በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት፤ ትንሽ እሺ ብሎ ወዲያው መመለስ አለበት። ከዚያ በረጅሙ ጎኑ አቁሙትና በሁለት እጃችሁ ክብደታችሁን ጣሉበት። ከተጣመመ ወይም ከተንገዳገደ ለሻጩ መልሱለት። ጥሩው ፎም ኢቫ የሚባለው፣ የስፖርት ጫማ ሶልና ነጠላ ጫማ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ቡሽና እንጨት ከእሱ የበለጠ ጽኑ ናቸው፤ ነገር ግን ይከብዳሉ፣ አጥንት ሥር ሲገቡም ይቆረቁራሉ። ጀርባው ሥር ለሚያስገባ ሰውና በምሽት ከታች ላለው ጎረቤት ጆሮ (ብሎክ ይወድቃላ!) ፎም ይሻላል።

ሁለተኛ፣ መጠን። የተለመደው 23 በ15 በ10 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ይህ ማለት አንዷ ብሎክ ሦስት ከፍታ አላት፦ ስትተኛ 10፣ በጎን ስትቆም 15፣ ቀጥ ስትል 23። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ውፍረቱ 7.5 የሆነው ለመያዝ ይመቻል። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ አትፈሩ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ግዙ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱ እጅ ብሎክ ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ ሲሆን ትከሻና ወገብ ይጣመማል። ብሩ ለአንድ ብቻ ከበቃ ቀለሙን ተዉት፣ ጌጡን ተዉት፣ ርካሹን ጠንካራ ሁለት ፈልጉ።

አራተኛ፣ ጠርዝና ሽታ። ጠርዙ የተሞረደ ይሁን፤ ስለታም ጠርዝ መዳፍ ይቆርጣል። ከአፍንጫ የማይጠፋ የኬሚካል ሽታ ካለው ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ቤልጅየም ከዚሁ ከኢቫ የሚሠሩ የሕፃናት መጫወቻ ምንጣፎችን ፎርማማይድ በተባለ ኬሚካል ምክንያት አግዳለች፤ ፈረንሳይም ሽያጩን ለጊዜው አቁማ ነበር። ብሎክ ሕፃን አይልሰውም፤ ቢሆንም አዲሱን ጥቂት ቀን በረንዳ ላይ ጥላ ቦታ አናፍሱት። ፀሐይ ላይ ግን አትተዉት፣ ፎሙን ያደርቀዋል።

መግዛት ያልቻለስ? የዩኒቨርሲቲ ዘመን ወፋፍራም መጻሕፍት አሉ አይደል? ሁለት ሦስቱን ደራርባችሁ በመቀነት ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩ፤ ሳይታሰሩ ግን ይንሸራተታሉ። የሲሚንቶውን ብሎኬት ግን አደራ!

አጠቃቀሙ

ስትጎነበሱ ሁለቱን ብሎኮች ከትከሻችሁ ትይዩ፣ ከእግራችሁ ትንሽ ፊት አድርጋችሁ በረጅሙ አቁሙ። ጉልበታችሁን ትንሽ እጠፉ፣ ጀርባችሁን ዘርጉ። ጀርባ ሳይጎብጥ ትንፋሽ ከገባ ወጣ ካለ ብቻ ወደ መካከለኛው ከፍታ ውረዱ።

ትሪኮናሳና በሚባለው የሦስት ማዕዘን አቋቋም ብሎኩን ከፊተኛው እግር ውጭ፣ ከቁርጭምጭሚት አጠገብ አድርጉት። መዳፋችሁ መሐሉ ላይ ይረፍ፣ ጠርዙ ላይ ከሆነ ይገለበጣል። ሙሉ ክብደታችሁን አትጣሉበት፤ ሥራው የእግር ነው።

ተጣጥፋችሁ ስትቀመጡ ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ በላይ ከቀረ ብሎኩን አስተኝታችሁ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ጉልበት ዝቅ ይላል፣ ወገብ ራሱ ቀጥ ይላል። ይሄው የእማዬ በርጩማ ነው እንግዲህ!

በጀርባችሁ ተኝታችሁ ዳሌያችሁን ስታነሱ ደግሞ ብሎኩ የሚገባው ከወገብ በታች ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ሥር ነው። ወገቡ ጎድጓዳ ላይ ካስገባችሁት አደጋ ነው። በዝቅተኛው ከፍታ ጀምሩ፤ ከተቆረቆራችሁ አውጡት። ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ከእኔ ጽሑፍ በፊት ሐኪማችሁን ስሙ።

«ጥገኛ ያደርጋል» ለምትሉ

አንድ እውነት አላችሁ፤ አልክድም። ብሎኩ ላይ ዝርግፍ ብሎ እንቅልፉን የሚለጥጥ ሰው አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ከፍታ ላይ የቀረም አለ። መሣሪያ ያለ ትኩረት ምንም አይሠራም። ግን መድኃኒቱ ብሎኩን ጥግ ላይ መወርወር ነው? መድኃኒቱማ በየጥቂት ሳምንቱ ራስን መፈተን ነው፦ ዛሬ ዝቅ ብል ጀርባዬ ይጎብጣል? ካልጎበጠ ዝቅ በሉ። ከጎበጠ ባላችሁበት ቆዩ። የሚወስነው ጀርባችሁ እንጂ የክፍሉ ሳቅ አይደለም።

ለአሰልጣኞችም አንድ ቃል አለኝ። ተማሪ ከጥግ ብሎክ ሲያነሳ «አንቺ ምን ጎደለሽ?» አትበሉ። ከቻላችሁ ራሳችሁ ቀድማችሁ አንሱና በብሎክ እየሠራችሁ አሳዩ። እናንተ ከያዛችሁት ማንም ለመያዝ አያፍርም። ያቺ የእናንተ አንድ ቀልድ የአንድን ሰው ጅማት ዋጋ ልታስከፍል ትችላለች፤ እኔ ከፍያለሁ።

አሁን ቤቴ ውስጥ ሁለት ጥቁር ብሎኮች አሉኝ። ሁለት ነበሩኝ ብል ይሻላል። አንዷን እማዬ ወስዳታለች፤ የበርጩማው እግር ተሰብሮ ነበርና ቡና የምታፈላው እሷ ላይ ተቀምጣ ነው። ትናንት «መልሺልኝ፣ ልሠራበት ነው» ብላት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ሌላ ግዢ» አለች፣ ጀበናውን እያማታች።

ቸር እንሰንብት።