ገዝቶ ከመጫወት ሠርቶ መጫወት

ወጣቶች የቆዩ የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታዎችን የሚያጫውት መሣሪያ ሲገጣጥሙ ያየ ሰው «ጊዜ ማባከን ነው» ሊል ይችላል። እርግጥ፣ ሲጫወቱ መዋል ጉዳት አለው፤ መሥራት ግን ከመጫወት የተለየ ነው።

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ጌም ቦይ የተባለውን የእጅ መጫወቻ ለገበያ አቀረበ። ገዢው ቁልፎቹን ይጫን እንጂ የውስጡን አሠራር እምብዛም አያውቅም ነበር። በብሪታኒያ የተሠራው ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ የተባለው ባለአንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በ5 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። የሰሌዳው ርዝመት 65፣ ወርዱም 30 ሚሊሜትር ነው። ትንሽ ስክሪን፣ ባትሪ፣ ድምፅ ማጉያና ቁልፎች ሲገናኙለት፣ ተስማሚ ፕሮግራምም ሲጫንበት የእጅ መጫወቻ ይሆናል።

ሥራው ጥንቃቄን ይጠይቃል። የባትሪው ሁለት ጫፎች በስሕተት ቢቀያየሩ ሰሌዳው ሊበላሽ ይችላል፤ የተጎዳ ሊቲየም ባትሪም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ሠሪው ሽቦ ከመበየዱ በፊት ማንበብ፣ መለካትና ማሰብ ይኖርበታል። መሣሪያው አልበራ ሲል ብዙውን ጊዜ ገዢው ይጥለዋል፤ ሠሪው ግን ፈትቶ ምክንያቱን ይፈልጋል። ጨዋታው ያልቃል፤ በእጅ የተገኘ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል።