ካሴቶቹን ወደ ወመዘክር ላምጣ?

ይድረስ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
(ዛሬም «ወመዘክር» እያልን ለምንጠራችሁ)

ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ ፋሲካ ነበር። እኛ ቤት የተሰማው በማግስቱ፣ የተረፈው ዶሮ ሲሞቅ ነው። እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ላይ አሳርፋ «በፋሲካ?» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። ለማታውቀው ሰው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትለብስ ያየኋት ያን ሳምንት ብቻ ነው። ሐሙስ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ጥላሁንን ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። የአባቴ ቴፕ ክር ሲበላ በእስክሪብቶ እያዞርኩ የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ። አንዱ ካሴት ተበጥሶ በፕላስተር ስለተቀጠለ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይዘላል። ዛሬም ዘፈኑን ታክሲ ውስጥ ስሰማው ጆሮዬ መዝለሉን ይጠብቃል፤ ሳይዘል ሲያልፍ የተሳሳተው ታክሲው ይመስለኛል።

የጻፍኩላችሁ ግን ለለቅሶ አይደለም። የአባቴን ካሴቶች አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁ። ሽፋናቸው ላይ የጥላሁን ፎቶና ስሙ አለ፤ ግጥሙን ማን ጻፈ፣ ዜማው የማን ነው፣ ትራምፔቱን ማን ነፋ፣ የለም። ወሊሶ ያደገው ልጅ በሀገር ፍቅር ቴአትር በኩል አልፎ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሲገባ ብቻውን አልዘፈነም፤ ሳህሌ ደጋጎን የመሰሉ ዜማ አዋቂዎች ነበሩ፣ ደመወዛቸው የወታደር የሆነ ሙዚቀኞች ነበሩ። እሱን ስናለቅስ እነሱን አላለቀስናቸውም። ስማቸውን ሳናውቅ እንዴት ብለን!

ልመናዬ ይህ ነው። በየቤቱ አልጋ ሥር የተኛውን ካሴትና ሸክላ ሰብስቡ። እያንዳንዱ ዘፈን እንደ መጽሐፍ ካርድ ይኑረው፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ባንድ። ሽፋኑ የዘለለውን በሕይወት ካሉት ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ሙሉ፤ ይህን ነገ ብላችሁ አታሳድሩት። ከዚያ አንድ ጠረጴዛና ማዳመጫ አዘጋጁልን፤ መጽሐፍ እንደምንጠይቅ ዘፈን እንጠይቅ።

እኔ ሁለት የጫማ ካርቶን ሙሉ አለኝ። የተቀጠለውም እዚያው ውስጥ ነው፤ አባቴ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ጥላሁን፣ እንዳይነካ» ብሎበታል። እሱንም አመጣለሁ፤ ደረሰኝ ብቻ ስጡኝ። ፕላስተሩን ግን አትንቀሉብኝ።